የፈረንሳይ ትንንሽ መንደሮች ለምን ይዋሃዳሉ?

(በፈረንሳይ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቃል ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በእሑድ ዕረፍታችሁ ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ሁላችንም ደጁን ስለምንረግጠው፣ ግን ወረቀታችንን ከተቀበልን በኋላ ዞር ብለን ስለማናየው ተቋም ነው፤ ስለ ኮሙን፣ ማለትም በከንቲባና በምክር ቤት ስለሚተዳደረው የፈረንሳይ ትንሹ የአስተዳደር ክፍል። ልጃችሁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለማስገባት የምትመዘገቡት እዚያ ነው። እናታችሁ ከአገር ቤት መጥታ ሦስት ወር ልትከርም ካሰበች፣ ለቪዛዋ የሚያስፈልገውን የመስተንግዶ ማረጋገጫ የሚፈርምላችሁ ከንቲባው ነው። ስትጋቡም፣ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ሥርዓት እንዳለ ሆኖ፣ በሕግ ባልና ሚስት የሚያደርጋችሁ ባለ ሦስት ቀለም ጥብጣብ በትከሻው ያነገተው ያው ከንቲባ ነው። በ1960 የወጣውን የአገራችንን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ስለነበሩ፣ የክብር መዝገብ ሹም የሚባለው ሥልጣን ሕግ ላነበበ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም። እዚህ አገር ያ ሹም ከንቲባው ራሱ ነው፤ የመንደሩ ሕዝብ ሠላሳ ቢሆንም ከንቲባው ያው ሹም ነው።

በ2016 የካሌው ሰፈር ሲፈርስ በአውቶቡስ ተጭናችሁ ስሙን ሰምታችሁት ወደማታውቁት መንደር የሄዳችሁ በዚህ አዳራሽ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ መንደሩን ከማንም በተሻለ ታውቁታላችሁ። አንድ ዳቦ ቤት፣ እሱም ካልተዘጋ። አንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን። በጦርነት የሞቱት ስማቸው የተቀረጸበት ሐውልት። በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ብቻ የሚከፈት ማዘጋጃ ቤት። እነዚህ መንደሮች ካለፉት አሥር ዓመታት ወዲህ እርስ በርሳቸው እየተዋሃዱ ነው። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው «ለገንዘብ ነው» ይላችኋል። ገንዘቡ አለበት፤ አልክድም። ግን ጉዳዩን በቅርብ ሲያዩት ሁለት ነገሮች ከገንዘቡ ይቀድማሉ። መንደሩን የሚሸከም ሰው እየጠፋ ነው። ውሳኔውም ከመንደሩ እየሸሸ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ይህንን ነው።

መጀመሪያ ስፋቱን እንወቅ። ፈረንሳይ 68 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አላት፤ ኮሙኖቿ ወደ 35 ሺህ ይጠጋሉ። እያንዳንዱ ኮሙን ከንቲባና ምክር ቤት ስላለው የተመራጮቹ ቁጥር ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይደርሳል። ጀርመን በሕዝብ ብዛት ትበልጣለች፤ ማዘጋጃዎቿ ግን 11 ሺህ አይሞሉም። ከፈረንሳይ ኮሙኖች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ500 ነዋሪ በታች ናቸው። በድሮም አውራጃ ሮሽፉርሻ የምትባል ኮሙን አለች፤ ለብዙ ዓመታት በቆጠራ መዝገብ ላይ አንድ ነዋሪ ብቻ ነበራት። ያም ሆኖ ከንቲባም ምክር ቤትም አላት፤ በኮሙኑ ግብር የሚከፍል ሰው እዚያ ባይኖርም ለምክር ቤቱ መወዳደር ስለሚችል።

ከዚያም የሚገርም አለ። በቨርደን አጠገብ፣ በመዝ አውራጃ፣ አንድም ነዋሪ የሌላቸው ስድስት ኮሙኖች አሉ፤ ቦሞን፣ ቤዞንቮ፣ ኩሚዬር፣ ፍለሪ፣ ኦሞንና ሉቭሞን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1916ቱ ውጊያ የመድፍ ጥይት ከምድር ጠረጋቸው። መሬቱ በጥይት ቅሪትና በመርዝ ስለተበከለ ነዋሪው ተመልሶ እንዲሰፍር አልተፈቀደም። መንግሥት ግን ኮሙኖቹን አልሰረዛቸውም። «ለፈረንሳይ የሞቱ መንደሮች» ተብለው ተመዘገቡ። ዛሬም ፕሬፌው፣ ማለትም የመንግሥት ተወካዩ፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚሽን ይሾማል፤ ሰብሳቢው የከንቲባ ሥልጣን አለው። የሙታን መታሰቢያውን ይጠብቃል፣ ጥርጊያውን ያሳጭዳል፣ በመታሰቢያ በዓላት ቀን ጥብጣቡን አንግቶ ይቆማል። ቤት በሌለበት ቦታ «እዚህ ዳቦ ቤቱ ነበር»፣ «እዚህ ትምህርት ቤቱ ነበር» የሚሉ ምልክቶች በዛፎቹ መሃል ቆመዋል።

ይህንን የነገርኳችሁ ለማስደነቅ አይደለም። ኮሙን በፈረንሳዊ ልብ ውስጥ ያለውን ቦታ ሳታውቁ የውህደቱን ክርክር ልትረዱት ስለማትችሉ ነው። ሕዝብ የሌለበትን ኮሙን ላለማጥፋት የወሰነ አገር፣ ሕዝብ ያለበትን ሁለት ኮሙን አንድ አድርግ ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። እዚያው አጠገብ ግን ነዋሪ የነበራቸው ሁለት ጎረቤቶች፣ ዱዎሞንና ቮ፣ በጥር 2019 ተዋህደው ዱዎሞን-ቮ ተብለዋል። በዓለም የጦር ታሪክ ውስጥ የገቡ ሁለት ስሞች ናቸው፤ የዱዎሞን ምሽግና የቮ ምሽግ። በሕይወት ያሉት መንደሮች ግን ነዋሪዎቻቸው አንሰው ሥራውን ለየብቻ መቀጠል አልተቻለም።

ይህ ሁሉ ኮሙን ከየት መጣ? ከአጥቢያው ነው። ከፈረንሳይ አብዮት በፊት ገበሬው የሚያውቀው አስተዳደር አጥቢያው ነበር፤ የተጠመቀበት፣ የተዳረበትና የሚቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ደወሉ እስከሚሰማበት ድረስ። በ1789 የሕዝብ እንደራሴዎቹ አገሩን እንደ አዲስ ሲከፋፍሉ፣ ሲዬየስና ቱሬ የሚባሉት ሁለት ሰዎች የደገፉት ዕቅድ ፈረንሳይን በ720 ሰፋፊ ኮሙኖች ብቻ የሚያዋቅር ነበር። በካርታ ላይ ያማረ፣ ካሬ ካሬ ያለ ዕቅድ። ምክር ቤቱ አልተቀበለውም። በታኅሣሥ 14 ቀን 1789 የወጣው ሕግ ለእያንዳንዱ ከተማ፣ ለእያንዳንዱ አጥቢያ የራሱን ማዘጋጃ ሰጠው፤ ከ40 ሺህ በላይ ሆኑ። የዛሬው ክርክር የዚያን ጊዜ ተጀምሯል ብል አላጋነንኩም።

በ1884 የወጣው ሕግ ደግሞ ኮሙንን የሪፐብሊኩ መሠረት አደረገው። ምክር ቤቱ በሕዝብ ይመረጣል፣ ከንቲባውን ምክር ቤቱ ይመርጣል፣ እያንዳንዱ ኮሙን ማዘጋጃ ቤት ይኑረው ተባለ። በየመንደሩ የምታዩት «ማዘጋጃ-ትምህርት ቤት» የሚል ጽሑፍ በግንባሩ ያለው ሕንፃ፣ መሃሉ ማዘጋጃ፣ በቀኝ የወንዶች በግራ የሴቶች ክፍል ሆኖ የተሠራው፣ በአብዛኛው የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በመስከረም 1900 ፕሬዚዳንት ኤሚል ሉቤ የአገሪቱን ከንቲባዎች በፓሪሱ የቱይለሪ የአትክልት ስፍራ ግብር ጠራቸው፤ ከ20 ሺህ በላይ ሆነው ተቀመጡ። በገበታዎቹ መሃል ትእዛዝ የሚያደርሱት ሰዎች በብስክሌት ይመላለሱ ነበር። የመንደር ከንቲባ ከፕሬዚዳንት ጋር አንድ ድንኳን ስር በላ። ይህ ክብር ነው እስከ ዛሬ ያለው።

ችግሩ መንደሩ ሲከበር ሕዝቡ እየሄደ መሆኑ ነው። ብዙ የገጠር ኮሙኖች ሕዝባቸው ከሁሉም ጊዜ በላይ የነበረው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው። ከዚያ በኋላ ባቡሩ ወጣቱን ወደ ከተማ ወሰደ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት የቀረውን ጨረሰ፣ ትራክተሩ ደግሞ የእርሻ ሠራተኛ እንዳያስፈልግ አደረገ። ሐውልቱ ላይ ያሉትን ስሞች ቆማችሁ አንብቡ፤ ከአንድ ቤተሰብ ሦስት ወንድማማቾች ታገኛላችሁ። እነሱ ያልወለዷቸው ልጆች ናቸው ዛሬ በመንደሩ የጎደሉት።

መንግሥት ይህንን አይቶ በ1971 ለመግፋት ሞከረ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ሬሞን ማርሴላን ባስወጡት ሕግ ፕሬፌዎች በየአውራጃው የውህደት ዕቅድ አወጡ። በዚያው ዘመን ቤልጅግ በአንድ ጊዜ ከ2,300 በላይ የነበሩትን ኮሙኖቿን በ1977 መጀመሪያ ላይ ወደ 596 አወረደች፤ ስዊድንም እንዲሁ አድርጋለች። ፈረንሳይ ግን አልሆነላትም። የተዋሃዱት ጥቂት ነበሩ፤ ከእነሱም ብዙዎቹ በኋላ ተፋቱ። ከላይ የመጣ ነገር ነበርና መንደሩ ጀርባውን ሰጠው።

ታዲያ አሁን ምን ተለወጠ? ሰው ነው የተለወጠው። ይህን ለማስረዳት ወደ አንድ መንደር ማዘጋጃ ቤት ልውሰዳችሁ።

180 ሰው ያለበት መንደር ነው እንበል። ምክር ቤቱ 11 አባላት አሉት። ከንቲባው ጡረታ የወጣ ገበሬ ወይም መምህር ነው። በወር የሚያገኘው አበል ወደ 1,000 ዩሮ ነው፤ ግብሩ ሳይነሳ። በሌሊት ዛፍ መንገድ ላይ ቢወድቅ ስልኩ የሚደወለው ለእሱ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ፣ የጠፋ ውሻ ቢገኝ፣ አንድ ሽማግሌ ሦስት ቀን መስኮቱን ሳይከፍት ቢቀር፣ ያው እሱ ነው። ከሥሩ ያለው ሠራተኛ አንድ የማዘጋጃ ጸሐፊ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ሰኞ በዚህ መንደር፣ ማክሰኞ በሚቀጥለው፣ ሐሙስ በሦስተኛው የምትሠራ። በጀቱን የምታዘጋጀው እሷ፣ የምርጫ መዝገቡን የምትይዘው እሷ፣ የግንባታ ፈቃድ ማመልከቻ የምትቀበለው እሷ፣ የመቃብር ቦታ ውል የምትጽፈው እሷ። ከእነዚህ ጸሐፊዎች ከሦስቱ አንዷ እስከ 2030 ጡረታ ትወጣለች። ምትክ አይገኝም። ሥራው የሕግ ባለሙያ ዕውቀት የሚጠይቅ፣ ክፍያውና ሰዓቱ ግን የተበጣጠሰ ነው። ፓርላማው በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ሕግ ማዕረጓን «ዋና ጸሐፊ» አድርጎ ዕድገት እንድታገኝ ሊያመቻች ሞክሯል። መልካም ነው፤ ግን ዘገየ።

በዚህ ላይ ጣሪያው አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ማለቴ ነው። በ1905 መንግሥትና ሃይማኖት ሲለያዩ፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የየመንደሩ ቤተ ክርስቲያናት የኮሙኑ ንብረት ሆነው ቀሩ። ስለዚህ በ12ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ደወሉ የተሰነጠቀ፣ ግድግዳው እርጥበት የጠጣ ቤተ ክርስቲያን የማደስ ዕዳ የ180 ሰዎች ነው። ከመካከላቸው ለቅዳሴ የሚሄደው አሥር ቢሆን ነው፤ ቅዳሴውም በወር አንዴ ቢኖር ነው። ጣሪያውን አፍርሱት ብትሏቸው ግን መንደሩ በሙሉ፣ እምነት የሌለው ጭምር፣ ይነሳባችኋል። አንድ ጊዜ ይህንን ጣሪያ ለማደስ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከኮሙኑ የብዙ ዓመት የግንባታ በጀት ይበልጣል። ከንቲባው ከአውራጃው፣ ከክልሉ፣ ከመንግሥት፣ ከቅርስ ድርጅት ድጎማ ሲለምን ያመሻል፤ ለእያንዳንዱ የተለየ ፋይል፣ የተለየ ቀነ ገደብ አለው።

የኛ ሰው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል። የኮሙኑ ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሎሚው አልቀነሰም፤ ተሸካሚው ነው ያነሰው። በ2020ው ምርጫ ከመቶ በላይ በሆኑ ኮሙኖች ለምርጫ የቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ ምርጫ ወዲህ ባለው ዘመን ከ2,000 በላይ ከንቲባዎች ሥልጣናቸውን በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል። ከፊሉ ከምክር ቤቱ ጋር ተጣልቶ፣ ከፊሉ ታሞ፣ ከፊሉ ተሰድቦና ተዝቶበት። በነሐሴ 2019 በደቡብ የምትገኘው የሲኝ ኮሙን ከንቲባ፣ ሰዎች የግንባታ ፍርስራሽ መንገድ ዳር ሲደፉ ደርሶባቸው ለማስቆም ሲሞክር በመኪናቸው ተገጭቶ ሞተ። የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር። ያ ሞት በየመንደሩ ያሉትን ከንቲባዎች ምን ያህል እንዳስደነገጠ መናገር ይከብዳል፤ ሁሉም ያንኑ ሥራ በየሳምንቱ ብቻውን ወጥቶ ይሠራ ነበርና።

አሁን ገንዘቡን ላንሳ፤ አጭር ነው። ከ2014 እስከ 2017 መንግሥት ለአካባቢ አስተዳደሮች የሚሰጠውን ዓመታዊ ድጎማ በድምሩ ወደ 11 ቢሊዮን ዩሮ ቀነሰው። በመጋቢት 2015 የወጣው ሕግ ደግሞ ለሚዋሃዱት ኮሙኖች ማባበያ አቀረበ፤ ድጎማችሁ ለሦስት ዓመት አይነካም፣ መጠናችሁ ከ1,000 እስከ 10,000 ነዋሪ ከሆነ እንዲያውም 5 በመቶ ይጨመርላችኋል አለ። ሕጉን ያስጀመሩት የራሳቸው የከንቲባዎች ማኅበር ሊቀ መንበር የነበሩት ዣክ ፔሊሳር ነበሩ። ይህ ቁልፍ ነገር ነው፤ ከ1971 በተለየ ሐሳቡ ከከንቲባዎቹ ወገን መጣ። ውጤቱ ወዲያው ታየ። በ2016 መጀመሪያ ከ1,000 በላይ ኮሙኖች ተዋህደው 317 «አዲስ ኮሙኖች» ሆኑ። ሌላ ማዕበል በ2017፣ ሌላ በ2019 ተከተለ። በ2025 መጀመሪያ በፓሪስ ዳርቻ የምትኖሩ እንደምታውቁት ሳን-ደኒና ፒዬርፊት አንድ ሆኑ፤ ያ ግን የከተማ ጉዳይ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።

ሁለተኛውና እኔ በጣም የማተኩርበት ምክንያት የኮሙኖች ማኅበር ነው። እያንዳንዱ ኮሙን ከጎረቤቶቹ ጋር ቆሻሻ የሚሰበስብ፣ መዋኛ የሚሠራ፣ የኢንዱስትሪ ቦታ የሚያዘጋጅ ማኅበር ውስጥ መግባት ግዴታው ነው። በነሐሴ 2015 የወጣው ሕግ እነዚህ ማኅበራት፣ ከተራራማና ሕዝብ ከሳሳባቸው ቦታዎች በስተቀር፣ ቢያንስ 15,000 ነዋሪ ይኑራቸው አለ። በአንድ ጀምበር ማኅበሩ ሰፋ። ትናንት በአሥር መንደር ከንቲባዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ይወሰን የነበረው ነገር ዛሬ ከ60፣ ከ80 መንደር በተውጣጡ ሰዎች አዳራሽ ውስጥ ይወሰናል። የትንሿ መንደር ከንቲባ አንድ ድምፅ አለው፤ የአውራጃው ከተማ ደግሞ አሥራ አምስት። ከንቲባው ወደ ስብሰባው አርባ ኪሎ ሜትር ነድቶ ይሄዳል፣ እጁን ያወጣል፣ በሌሊት ይመለሳል፤ ለመንደሩ ምን አመጣሁ ብሎ ሲያስብ መልስ ያጣል። ውሳኔው ራቀ ያልኳችሁ ይህ ነው።

ሞዥ የሚባለው አገር ይህንን ቀድሞ ያየ ነው። በምዕራብ፣ በማይን-ኤ-ልዋር አውራጃ ውስጥ የሚገኝ፣ ጫማ ፋብሪካዎቹ በየመንደሩ የነበሩ፣ በ1793ቱ የቫንዴ ጦርነት አብዮቱን በመቃወም የታወቀ አካባቢ ነው። እዚያ የነበሩት 64 ኮሙኖች በታኅሣሥ 15 ቀን 2015 በአንድ ቀን ስድስት ሆኑ፤ ቦፕሬኦ-ኦን-ሞዥ፣ ሸሚዬ-ኦን-አንዡ፣ ሞዥ-ሱር-ልዋር፣ ሞንትረቮ-ሱር-ኤቭር፣ ኦሬ-ዳንዡ እና ሴቭረሟን። እያንዳንዱ ከ15,000 በላይ ነዋሪ አለው። አካሄዳቸውን አስተውሉ። መንደሮቹ ለዓመታት በትናንሽ ማኅበራት ሆነው አብረው ይሠሩ ነበር፤ ሕጉ ማኅበሮቹን ሊያሰፋቸው መሆኑን ሲያውቁ፣ እያንዳንዱን ትንሽ ማኅበር ወደ አንድ ኮሙን ቀየሩት፣ ከዚያ ስድስቱ ኮሙኖች በላያቸው አዲስ ትልቅ ማኅበር መሠረቱ። በዚያ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ ዛሬ የሚቀመጡት ስድስት ከባድ ሚዛን ያላቸው ኮሙኖች ናቸው፤ ማንም ማንንም አይውጥም። ይህንን ብልህነት እላለሁ። በአውራጃው ውስጥ የነበሩት 357 ኮሙኖች ዛሬ 180 አይሞሉም፤ በማንሽና በካልቫዶስም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በካልቫዶስ በአይቧ ስሟ የምትታወቀው ሊቫሮ ከሌሎች 21 ጋር ተዋህዳለች፤ በአንድ ማዘጋጃ ስር 22 የቀድሞ ኮሙኖች ማለት ነው። በሰሜን ምሥራቅና በደቡብ ምዕራብ ግን አውራጃ ሙሉ ዞራችሁ ጥቂት ውህደት ብቻ ታገኛላችሁ።

ከተዋሃዱ በኋላ የድሮው መንደር ይጠፋል ወይ? በሕግ አይጠፋም። ስሙ፣ ተወካይ ከንቲባውና ቅርንጫፍ ማዘጋጃ ቤቱ ይቀራሉ፤ ጋብቻም እዚያው መፈጸም ይቻላል። ምክር ቤቱ ግን አንድ ነው፣ በጀቱም አንድ ነው። መጀመሪያ የድሮዎቹ ተመራጮች ሁሉ አብረው ስለሚቀመጡ ስብሰባው በማዘጋጃው አይበቃም፤ ወደ ስፖርት አዳራሽ ይወስዱታል። ቀጥሎ በሚመጣው ምርጫ ቁጥሩ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ነው ትንሿ መንደር አንድ ወይም ሁለት ተመራጭ ብቻ የሚቀራት። የተጎዳችው እዚህ ላይ ነው። 11 ሰው የመንደሩን ጉድጓድና መብራት የሚያውቅ ነበረ፤ አሁን ሁለት። ሌሎቹ ዘጠኝ ማንም ሳያባርራቸው ቤታቸው ተቀመጡ። ውህደትን የሚደግፉ ሰዎች ይህንን ኪሳራ በሒሳባቸው ውስጥ ሲያስገቡት አላይም፤ መግባት ግን አለበት።

ከዚያ የመንገድ ስም ጣጣ አለ። በሁሉም መንደር የቤተ ክርስቲያን መንገድ አለ፣ የማዘጋጃ መንገድ አለ፣ የትምህርት ቤት መንገድ አለ። ሃያ መንደር ሲዋሃድ ሃያ የቤተ ክርስቲያን መንገድ በአንድ ኮሙን ውስጥ ይሆናል። አምቡላንስ ቢጠራ የትኛው ጋ ይሂድ? ስለዚህ ኮሚቴ ይቋቋማል፣ አሥራ ዘጠኙ ስማቸውን ይለውጣሉ፣ ሰው መታወቂያውንና የባንክ ሒሳቡን አድራሻ ሊያስተካክል ይሮጣል። ስለ አዲሱ ኮሙን ስም የሚደረገው ክርክር ደግሞ ከበጀቱ ክርክር ይረዝማል። የአንዱን መንደር ስም ቢወስዱ ሌላው ተዋጠ ይላል፤ ስለዚህ ወንዙን፣ ሸለቆውን፣ የጥንት አውራጃውን ስም ይጠራሉ። ሴቭረሟን የሁለት ወንዞች ስም ነው፤ ሴቭርና ሟን። በብሪታኒ ደግሞ ስፋቷ 8 ሄክታር ብቻ የነበረችው ፕሌሲ-ባሊሶን በ2017 ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ቦሴ-ሱር-ሜር ሆናለች።

ወጪ ይቀንሳል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ በቀጥታ አዎ የሚላችሁን ሰው አትመኑት። አንዱ መንደር ለተማሪዎች ምሳ በደንብ ያቀርባል፣ ሌላው አያቀርብም፤ ሲዋሃዱ የጎደለው ወደ ሞላው ይነሳል እንጂ የሞላው አይወርድም። የግብሩም መጠን ቀስ በቀስ እስከ 12 ዓመት ድረስ ነው እኩል የሚሆነው። የሚገኘው ጥቅም ሌላ ነው። ብቻዋን ትሠራ የነበረች ጸሐፊ አምስት የሥራ ባልደረባ ታገኛለች፤ አንዷ ስለ ግንባታ፣ አንዷ ስለ ምርጫ፣ አንዷ ስለ ደመወዝ ታውቃለች። ብትታመም ማዘጋጃው አይዘጋም። የድጎማ ፋይል የሚሞላ የሠለጠነ ሰው መቅጠር ይቻላል። የዚያ ጣሪያ ጉዳይ መልስ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ለኛም ለውጭ አገር ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የመስተንግዶ ማረጋገጫ ልትጠይቁ ሄዳችሁ «ጸሐፊዋ እስከ ሐሙስ አትመጣም» የሚል ወረቀት በር ላይ አግኝታችሁ የምትመለሱበት መንደር የትኛው እንደሆነ ታውቃላችሁና።

ከመጋቢት 2026ቱ ምርጫ ጀምሮ ደግሞ ሌላ ግፊት መጥቷል። እስከዚያ ከ1,000 ነዋሪ በታች ባሉ ኮሙኖች መራጩ ከወረቀቱ ላይ የማይወደውን ስም በእስክርቢቶ ሰርዞ የቀረውን ይመርጥ ነበር። በግንቦት 2025 የወጣው ሕግ ይህንን አስቀርቶ፣ እንደ ትልልቆቹ ሁሉ ወንድና ሴት እየተፈራረቁ የተጻፉበት ዝርዝር እንዲቀርብ አዘዘ። ሴቶች ወደ ምክር ቤቱ በብዛት መግባታቸውን ከልቤ እደግፋለሁ፤ እስከዚያ ድረስ በትንንሾቹ ኮሙኖች ከወንዶቹ ያነሱ ነበሩ። ግን 60 ሰው ባለበት መንደር፣ ከ60ው ሃያው ከ80 ዓመት በላይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር የሚያዘጋጅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ማግኘት ያልቻለው መንደር ወደ ጎረቤቱ መሄዱ አይቀርም።

እኔ ውህደትን አልቃወምም። የምቃወመው አሠራሩን ነው። የሁሉም ኮሙኖች ምክር ቤት ከተስማማ ሕዝብ ሳይጠየቅ ፕሬፌው ሊያጸድቀው ይችላል። አብዛኛው ውህደት የተፈጸመው እንዲህ ነው። ከንቲባዎቹ ለጥቅም ብለው አይደለም፤ ብዙዎቹ የገዛ ወንበራቸውን ነው ያጠፉት። ቢሆንም ነዋሪው ጠዋት ተነስቶ የኮሙኑ ስም ተለውጦ ሲያገኘው፣ ነገሩ ልክ ሆኖ እንኳ ይቆጨዋል። በሞዥ ሕዝቡ ከሞላ ጎደል የተቀበለው ቀድሞ አብሮ መሥራት ስለለመደ ነው፤ ልጆቹ በአንድ አውቶቡስ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ልማድ ባልነበረበት ቦታ ግን ምክር ቤቱ መጀመሪያ ሕዝቡን ሰብስቦ፣ የበጀቱንም የጣሪያውንም ሒሳብ ዘርግቶ፣ ድምፅ ማሰጠት ነበረበት እላለሁ።

የተበላሸውንም ልንገራችሁ፤ አንድ ሰው በጽሑፍ «ተዋህዶ የተለያየ አለ ወይ» ብሎ ጠይቆኛልና። አለ። በኖርማንዲ፣ በሩዋን ከተማ ዳር፣ ቧ-ጊዮምና ቢዮሬል የሚባሉ ሁለት ኮሙኖች በጥር 2012 ተዋሃዱ። ተቃዋሚዎች የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሄዱ፣ ፍርድ ቤቱም በ2013 ውህደቱን ሻረው፤ በጥር 2014 ወደ ሁለት ተመለሱ። ዛሬ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ከንቲባና ምክር ቤት አላቸው። አውቶቡሳቸውን፣ ውሃቸውንና ቆሻሻቸውን ግን ሁለቱም የሚያስተዳድሩት በአንድ ላይ በገቡበት በሩዋን ትልቁ የከተማ ማኅበር በኩል ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከ70 ኮሙኖች መሃል ሁለት ድምፅ ይሻል ነበር ወይስ አንድ ከባድ ድምፅ፣ የሁለቱ መንደሮች ሰዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።